«ወራጅ አለ» ማለት ለከበደው የደሴ ወንድሜ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «27 ዓመቴ ነው። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሲሆን የምሠራው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚያቅተኝ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ በእግሬ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ሰፈሬን ሲጠይቁኝ «ቧ» ስለሚይዘኝ «ሰኞ ገበያ አካባቢ» እላለሁ። መንዙማ ስል ግን ተይዤ አላውቅም፤ ማሽኖቹ ሲጮኹም ይቀለኛል። ለባልደረቦቼ የቀኑን ሥራ በቃል ከመናገር ነጭ ሰሌዳ ላይ መጻፍን ለምጃለሁ። አሁን የመስመር ኃላፊ እንድሆን ተመርጫለሁ፤ በየጠዋቱ ማሽኖቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት 30 ሰው ፊት ቆሜ መናገር ሊኖርብኝ ነው። እምቢ ልል አስቤያለሁ። ጓደኞቼ «ድክመትህን ወደ ጥንካሬ ለውጠው» ይሉኛል። እንዴት ነው የሚለወጠው? ደግሞ የ3 ዓመት ልጄ ሰሞኑን ቃል መደጋገም ጀምራለች። ከእኔ ወርሳው ይሆን?»

ወንድሜ፣ አብሽር። ኃላፊነቱን እምቢ ከማለትህ በፊት ይህን አንብብልኝ፤ ትንሽ ይረዝማል።

በጓደኞችህ ምክር ልጀምር። በንግግር ሕክምና ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት «መንተባተብህ ስጦታ ነው» የሚሉ አነቃቂ ተናጋሪዎችን ብዙ ሰምቻለሁ። አንዳቸውም ግን የገዛ ስማቸውን ለመናገር ላብ ሲያጠምቃቸው አላየሁም። መንተባተብ ስጦታ አይደለም። ትንፋሽ ይጨርሳል፣ አንገትና መንጋጋ ያደክማል፣ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀውን ጉዳይ አሥር ደቂቃ ያደርገዋል። እሱ ራሱ ወደ ጥንካሬ ይለወጣል ብዬ አልዋሽህም። የሆነው ሌላ ነገር ነው። ከዚህ አንደበት ጋር ስትኖር ሳታስበው አንዳንድ ችሎታ አዳብረሃል፤ ጎን ለጎን ደግሞ አንዳንድ መደበቂያ አበጅተሃል። ክፋቱ ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ መመሳሰላቸው ነው። ደብዳቤህ ውስጥም ተደባልቀው ነው ያገኘኋቸው።

እነሱን ከመለየታችን በፊት ስለ መንተባተብ ራሱ ጥቂት ልበል። ከ100 አዋቂዎች አንዱ ያህል ይንተባተባል። ልጆች ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ከ100 ልጆች ቢያንስ 5 ያህሉ፣ በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ለተወሰነ ጊዜ ይንተባተባሉ፤ ከአራቱ ሦስቱን ያህል ደግሞ ይተዋቸዋል። አድገውም ከሚቀጥልባቸው ሰዎች ውስጥ ለአንዲት ሴት አራት ያህል ወንዶች ይገኛሉ። በየቤቱ «ልጅ ሆኖ ደንግጦ ነው» ይባላል። ድንጋጤ መንስኤው አይደለም፤ ዓይን አፋርነትም አይደለም። በቤተሰብ ውስጥ ይተላለፋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህም ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ዘረ መሎች ተለይተው ታውቀዋል። የአንጎል ምስል ሲነሳ ደግሞ ንግግርን በሚያቀናጁት የግራው አንጎል ክፍሎች መካከል ያለው ግንኙነት ለየት ብሎ ይታያል። የምታስበውን በትክክል ታውቀዋለህ፤ ከንፈርን፣ ምላስን፣ ጉሮሮንና ትንፋሽን በአንድ ቅጽበት አቀናጅቶ ማስነሳት ላይ ነው እንቅፋቱ። ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከመጣ በኋላ ግን ነገሩን በጣም ያባብሰዋል።

መንዙማ ላይ የማትያዘውም ለዚህ ነው። ዜማ ውስጥ ቃሉ መቼ እንደሚነሳ ዜማው ራሱ ይወስንልሃል፣ ድምፁ ሳይቆራረጥ ይያያዛል፣ ቀጥሎ የሚመጣውም ቃል አስቀድሞ የታወቀ ነው። አብሮ ማለትም እንዲሁ ያቀላል፤ ዱአ ላይ ቤቱ ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ «አሚን» ሲል የሚንተባተበው ከማይንተባተበው አይለይም። ቤተ ክርስቲያን ጸሎት በኅብረት የሚያደርሱ ሰዎችም ይህንኑ ይነግሩኛል። አምባሰልና ባቲ ለቅኝት ስማቸውን በሰጡበት አገር ይህ ትንሽ መጽናኛ አይደለም። አንዳንድ ወላጆች ታዲያ «እያዜመ ይናገር እንጂ» ብለው ይጠይቁኛል። አይሆንም። ተራ ወግ ላይ ስትመለስ ቅለቱ አብሮህ አይመለስም፤ በዜማ ዋጋ የሚጠይቅ ደንበኛም ገበያተኛው ይስቅበታል።

የማሽኖቹ ጩኸትም ምክንያት አለው። የራስህን ድምፅ በደንብ በማትሰማበት ጊዜ መንተባተብ ብዙ ሰው ላይ ይቀንሳል። ይህ ከጥንት የታወቀ ነገር ነው፤ በዚሁ መነሻ ሰው በሚናገርበት ጊዜ ጆሮው ላይ ጩኸት የሚያሰሙ መሣሪያዎች እስከመሥራት ተደርሷል። አዲሱ ሥራህ ግን ጸጥታ ውስጥ ቆሞ መናገርን የሚጠይቅ ነው። ይህን ከወዲሁ እወቀው፤ ጠዋት ላይ ከቀኑ ይልቅ ብትያዝ «ኃላፊነቱ ከብዶኝ ነው» ብለህ እንዳትደመድም። ማሽኑ ስለቆመ ነው።

ወደ መደበቂያው ልምጣ። የንግግር ሕክምናን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ቻርልስ ቫን ራይፐር (1905–1994) ራሱ ክፉኛ የሚንተባተብ ሰው ነበር። ወጣት ሳለ እርሻ ላይ ተቀጥሮ፣ መናገር እንዳይመጣበት፣ መስማትና መናገር የማይችል መስሎ ይሠራ እንደነበር ተርኳል። አስበው፤ ቃል እንዳይያዝበት ብሎ ቃልን ጨርሶ ተወ። በኋላ ዕድሜውን የሰጠለት ሐሳብ ሌላ ነበር፦ ሰውን የሚያንገላታው የቃል መያዝ ብቻ ሳይሆን እንዳይያዝ የሚደረገው ትግልና ሽሽት ነው፤ ስለዚህ ሰው ያለ ትግል መንተባተብን ሊማር ይችላል። እኔም ለአዋቂዎች ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ችሎታውን ከመደበቂያው ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃሃል። ነገ ጠዋት ስትነሳ አንደበትህ ተፈትቶ ብታገኘው፣ ይህን ልማድ ትቀጥልበታለህ?

ከምትወርድበት አልፈህ ሄደህ በእግርህ መመለስን አትቀጥልበትም። «ሰኞ ገበያ አካባቢ» ማለትንም ትተዋለህ። ስልክ ሲጠራ ለባለቤትህ የምታቀብል ከሆነ (አልጻፍክም፤ ግን ብዙዎች ያደርጉታል) እሱንም በደስታ ታቆማለህ። እነዚህ መደበቂያ ናቸው፤ ምንም ያህል ብልሃት ቢኖራቸው ጥንካሬ አይባሉም።

ሰሌዳው ላይ ግን ቆም እንበል፤ ከደብዳቤህ ሁሉ የማረከኝ እሱ ነው። ስፌት መስመር ላይ የቀኑ ሞዴል፣ መጠኑ፣ የሚጠበቀው ቁጥር፣ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚሰፋ በቃል ሲነገር ግማሹ ይጠፋል። አርፍዶ የገባው አይሰማም፤ አዲስ የተቀጠረችው ሰምታም ለመጠየቅ ታፍራለች፤ ከሰዓት በኋላ «አልተባልኩም» እና «ብዬሃለሁ» ይመጣል። አንተ ከመናገር ለመሸሽ ጻፍከው፤ በጽሑፍ የተቀመጠ ትእዛዝ ግን ማንም ዞር ብሎ ደግሞ ሊያየው የሚችል ነገር ሆነ። ለኃላፊነት ያሳጨህም ይኸው ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። አንደበትህ ነገ ቢፈታ ሰሌዳውን ትጥለዋለህ? እኔ አንተን ብሆን አልጥለውም። እንግዲያው ይህ ችሎታ ነው፤ መነሻው ፍርሃት መሆኑ አያሳፍረውም።

ነገር ግን ያው ሰሌዳ በአንድ ቀን ውስጥ መደበቂያ ሊሆን ይችላል። አንዲት ሠራተኛ መጥታ «ይህ እጅጌ እንዴት ነው የሚገጠመው?» ብላ ስትጠይቅህ ጣትህን ወደ ሰሌዳው ቀስረህ ፊትህን ካዞርክ፣ ያኔ ሸሽተሃል። የጻፍከውን ቆመህ አንብበው፤ ተያዝ፤ ጨርሰው። ጥያቄ ሲመጣ በአፍህ መልስ። ሰሌዳው የሚያስታውስ ይሁን፤ የሚናገረው አንተ ነህ።

ቃል መቀያየርም ሁለት ፊት አለው። እንደ አንተ በየዓረፍተ ነገሩ መንገድ ሲቀይር የኖረ ሰው ለአንድ ነገር ሦስት አራት አባባል ያውቃል፤ ከሌላው ሰው ይልቅ የቃል ሀብታም የሆኑ ብዙ ታካሚዎች አሉኝ። ሀብቱ ይቆይህ፤ ሠራተኛ አልገባኝም ስትልህ በሌላ አባባል ለማስረዳት ይጠቅምሃል። ሽሽቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። «ቧ»ን ባመለጥክ ቁጥር «ቧ» ይበልጥ የሚያስፈራ ይሆናል፤ ቀስ እያለ ደግሞ የምትናገረው የምትፈልገውን ሳይሆን የሚቀልህን ይሆናል። ክትፎ እየፈለገ ዓመት ሙሉ ሽሮ ሲያዝ የኖረ ሰው አውቃለሁ። ስም ደግሞ ተለዋጭ የለውም፤ ለዚህ ነው ብዙ ተንተባታቢ ከቃል ሁሉ የገዛ ስሙ የሚከብደው።

ማዳመጥንም ልጨምር፤ ስለ ተንተባታቢዎች ሲወራ ሁልጊዜ «ጥሩ አድማጭ ናቸው» ይባላል። አንዳንዶቹ እውነትም ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ዝም ያሉት የሌላውን ሰው እየሰሙ ሳይሆን ተራቸው ሲደርስ የሚመጣውን ቃል እየፈሩ ነው። የትኛው እንደሆንክ ራስህ ፈትን፦ ሰው አውርቶህ ከሄደ በኋላ ያለውን መልሰህ መናገር ትችላለህ? ካልቻልክ ገና የሚሠራ ሥራ አለ። ከቻልክ 30 ሰው የሚመራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር አያስፈልገውም።

አሁን ስለ ልምምዱ። «ቧ» ላይ ስትያዝ ከንፈርህ ይጣበቃል፣ ከኋላው ትንፋሽ ይጠራቀማል፣ አንተ ደግሞ ትገፋለህ፤ በገፋህ መጠን መቆለፉ ይብሳል። መግፋቱን አቁም፤ ግን ከቃሉ አትሽሽ። እዚያው ቆይተህ የጠበቀው የት ላይ እንደሆነ አስተውል (ከንፈር? ጉሮሮ? ደረት?) ከዚያ ቀስ ብለህ አላላውና ወደ ቀሪው ድምፅ ተንሸራትተህ ውጣ። ብቻህን ሆነህ አትለማመደው፤ ብዙ ሰው ለብቻው ሲሆን አይንተባተብም፤ ልምምዱም ባዶ ይሆናል። ባለቤትህ ፊት ለፊትህ ትቀመጥ። ቃሉ በትግል ከወጣብህ ጥቂት ዝም በልና ያንኑ ቃል ደግመህ፣ በለስላሳው በኩል፣ በለው። ሳምንታት ይፈጃል፤ መሰልቸትም አለው።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርህን ስትሰማ አበደች ትለኛለህ። ሰኞ ገበያ ሂድና ሳትያዝ ሆን ብለህ ተንተባተብ። «በ… በ… በርበሬ ስንት ነው?» በል፤ ተረጋግተህ፣ የሻጯን ዓይን እያየህ። ዓላማው እሷን ማታለል አይደለም። ዕድሜህን ሙሉ የፈራኸው ሰው እንዳያይብህ ነው፤ ራስህ መርጠህ ስታሳየው ፍርሃቱ የሚጠብቀው ምስጢር ያጣል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ደግሞ ሻጯ ዋጋውን ትነግርሃለች፤ በቃ። ከዚያ ወደ ስልክ እለፍ፦ ሆቴል ደውለህ ክፍል አለ ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ፋርማሲ ደውለህ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ ጠይቅ።

ሚኒባሱ የሚከብድህ ቃሉ ስለከበደ ብቻ አይደለም፤ መኪናው እየሄደ ጊዜው ስለሚያጣድፍህ ነው። ገና ከደሴ ስትሳፈር ለረዳቱ «ፓርኩ ጋ እወርዳለሁ» ብለህ ንገረው። ይህ መደበቂያ አይደለም ወይ? በጥያቄያችን መዝነው፤ አንደበቱ የቀና ሰውም ይህን ያደርጋል። ሆኖም በሌላ ቀን፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ፣ «ወ… ወራጅ አለ» ብለህ ተያዝ። መኪናው አንድ ሃምሳ ሜትር ቢያሳልፍህ ከለመድከው የእግር ጉዞ ይብስብሃል?

የመጀመሪያውን ጠዋት አስቀድመን እናሰናዳው። ሥራውን ከመናገርህ በፊት ይህን በል፦ «ስናገር እንተባተባለሁ። አንዳንድ ቃል ላይ እቆያለሁ፤ ቃሉን ራሴ እጨርሰዋለሁ። ያልገባችሁ ነገር ካለ ጠይቁኝ።» ይኸው ነው። «ይቅርታ» የሚል ቃል አታስገባ። በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አድማጮች መንተባተቡን በግልጽ የሚናገርን ሰው በበጎ ያዩታል፤ ይቅርታ እየጠየቀ ከሚናገረው ይልቅ በተራ ድምፅ የሚነግራቸውን ይመርጣሉ። አገራችን ውስጥ ደግሞ ሰው ከደግነት ብዛት ቃልህን ከአፍህ ነጥቆ ይጨርስልሃል፤ «ተረጋጋ»፣ «ቀስ በል» ይልሃል። እንዲጠብቁህ ካልነገርካቸው አያውቁም። ለቅርብ አለቃህም ቀደም ብለህ ይህንኑ ንገረው፤ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ድንገት እንዳይሆንበት።

ከዚያ በአጭር ዓረፍተ ነገር ተናገር። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ይንተባተብ ነበር፤ ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውስትራሊያዊው ላየነል ሎግ ረድቶታል። መስከረም 3 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመር በሬዲዮ ሲናገር የሰማው ሕዝብ ዝግ ያለ፣ በየመሐሉ የሚያርፍ ንግግር ነው የሰማው፤ ዕረፍቶቹ አስቀድመው ጽሑፉ ላይ ምልክት የተደረገባቸው ነበሩ። ዕረፍቱን ውሰድለት። ሎግ የሚያስቸግሩ ቃላትን ከጽሑፉ እያወጣ በሌላ ይተካም ነበር፤ እሱን አትውሰድ። ንጉሡ በዓመት ጥቂት ንግግር ነበር የሚያነበው፤ አንተ በየቀኑ ከሰው ጋር ትነጋገራለህ።

የነቢዩ ሙሳንም ነገር አንሳ፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ቁርኣን ውስጥ የምላሱ ቋጠሮ እንዲፈታለት ለምኗል፤ ኦሪት ዘጸአት ላይም አፌ ከባድ ነው ብሎ ሊቀር ሞክሯል። በሁለቱም ወንድሙ ሃሩን፣ ክርስቲያኑ አሮን የሚለው፣ አጋዥ ተሰጥቶታል። ተልእኮው ግን ከሙሳ አልተነሳም። ኦሪት ዘዳግምን ለሚያነብ ደግሞ መጽሐፉ ከሞላ ጎደል የሙሴ ረጅም ንግግር ነው። አንተም ለአንድ ለሁለት ሳምንት ረዳት ብትፈልግ፣ ለምሳሌ ጩኸት በሚበዛበት ሰዓት መልእክት የሚያደርስልህ ሰው ብትመድብ፣ ነውር የለውም። ጠዋቱን ግን አትስጠው።

ስለ መድኃኒት ባጭሩ፦ መንተባተብን ለማከም ተብሎ የጸደቀ ኪኒን እስካሁን የለም። በአሥር ቀን አድንሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህን ሰው ተወው። በአዋቂነት ጨርሶ የሚለቀው ጥቂቱን ነው፤ የሚቀለውና የማያስፈራው ግን ብዙውን ነው። ሰው ፊት መቅረብ እንቅልፍ እስከመንሳት የሚያስፈራህ ከሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያም አማክር፤ ከመንተባተብ ጋር ይህ ፍርሃት አብሮ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ለብቻው የሚታከምም ነው።

የልጅህን ጉዳይ ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀለል ስለሚል ነው። ዝንባሌው በዘር ሊመጣ ይችላል፤ አንተን እየሰማች ግን አይጋባባትም። ስለዚህ እሷ ፊት አትደበቅ፣ ተረት ማውራትህንም አታቁም። በ3 ዓመት ቃል መደጋገም ብዙ ጊዜ የሚያልፍ ነው፤ ሴት ልጆችን ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ይተዋቸዋል። «ድገሚው»፣ «ቀስ በይ» አትበሏት፤ ቃሏን አትጨርሱላት፤ ዝቅ ብላችሁ ዓይኗን እያያችሁ ጠብቋት፤ እናንተም ስትመልሱላት ፍጥነታችሁን ቀንሱ። አንተ ስለምትንተባተብ ግን ከሌሎች ልጆች ትንሽ ቀደም ብላ እንድትታይ እፈልጋለሁ። ከስድስት ወር በላይ ከቆየባት፣ ወይም ከዚያ በፊትም ፊቷን ማጨማደድ፣ ቃል ላይ መቆለፍ፣ መናገር መተው ካየህባት፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆስፒታል ወስደህ የሕፃናት ሐኪም አሳያት፤ ወደ ንግግር ሕክምና ባለሙያ እንዲልክህም ጠይቀው።